የነሐስ ሽመላ

ቱሉ ዲምቱ፣ ሕንጻ አርባ ሦስት፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
የብረት በር አለ፣ ቀለሙ የሰማይ፤
መሐሉ ላይ ቆማ፣ በአራት ብሎን ተተክላ፣
አንድ እግሯን ያነሳች የነሐስ ሽመላ።
ከሥሯ ሦስት ሞገድ፣ መልሕቅ ከነገመዱ፤
ከአናቷ በላይ ግን የሞረድ መንገዱ።

አዲስ የገባ ሰው ሞገዱን ያይና
"የውሃና ፍሳሽ ሰው እዚህ ነው" ይልና
ያንኳኳል በጠዋት፣ ያንኳኳል በማታ፦
"ጋሼ፣ ቧንቧው ደርቋል፤ እስከ መቼ ዝምታ?"
አቶ አስግደው ግን "ተሳስተሃል" አይሉ፤
መፍቻ ይይዙና ደረጃ ይወርዳሉ።

እኔ ግን አንድ ቀን ጀሪካን ሳግዛቸው
(ሃምሳ አራት ደረጃ፣ አንድ ቢጫ በእጃቸው)
በሩ ላይ ስናርፍ ጠየቅኋቸው፦
"ለምን በአንድ እግሯ?" ሳቅ መጣባቸው።

"ሽመላ የመርከባችን ስም ነው።
መኮንኖቹማ 'ዘብ ነች' ነው የሚሉት፣
'እግሯን ካወረደች እንቅልፍ ይጥላታል ሌሊት።'
ወጥ ቤቱ ጫንያለው ግን ሳቅ ነው የሚቀድመው፦
'የምጽዋ ውሃ በሰኔ ስለሚፈጅ ነው!'"

"እዚህስ ምን ነበር?" ጣቴ ባዶው ላይ ነው።
ቁልፍ ሲፈልጉ ቆዩ።

"ዘውድ። በስድሳ ሰባት ትእዛዝ መጣ፣
'እስከ ነገ ንጋት ከአርማችሁ ይውጣ!'
ሞረዱን ለኔ ሰጡኝ፣ ከሁሉ አንሼ ነበርና።
ሌሊቱን ሞረድኩት። ብናኙን፣ ለምን እንጃ፣
በክብሪት ሣጥን ያዝኩት። ይኸው ማስረጃ።"

በጆሮዬ አጠገብ ነቀነቁት፤ የአሸዋ ድምፅ አለው።

"ኮከብ ይበየዳል ተባለ፤ በያጅ ሳይመጣ
ስንት አለቃ ገባ፣ ስንት አለቃ ወጣ።"
"መርከቧስ?"
"መርከቧማ ቀረች።

የቤት ዕጣ ሲደርሰኝ 'ቱሉ ዲምቱ' አሉኝ፤
ትርጉሙን ስጠይቅ 'ቀይ ኮረብታ' ሲሉኝ፣
ቀይ ባሕር ሲገርመኝ! ቀይ ያለው ነገር ሁሉ
አይለቀኝም አልኩ።" ገቡ፣ ይህን እንዳሉ።

ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ቧንቧው ያቃስታል፣
መጀመሪያ አየር፣ ቀጥሎ ዝገት ይተፋል፤
ያኔ ከሦስተኛ ፎቅ ፊሽካ ይሰማል፣
ረጅም፣ አጭር፣ ረጅም። ሕንጻው ይነቃል።
መብራት በየመስኮቱ፤ በርሚል ሲንከባለል፣
የአንዱ ክዳን ጠፍቶ በጨለማ ሲምል።

ትናንት ባልዲዬን ይዤ ስወርድ አየኋቸው፣
ፊሽካው በከንፈራቸው፣ ባትሪው በእጃቸው፤
አንድ ነጠላ ጫማ ብቻ ነው ያደረጉት፣
ሌላውን እግር ከሲሚንቶው አንስተውት።

"ግፊቱ ደካማ ነው" አሉኝ። "ቶሎ በይ።"