ለሰው አይሆንም

ጥር ነው፤ ሳስካቱን። ጎሕ ገና አልቀደደም፤
ወንዙ ይተናል እንጂ የሚሰማ የለም።
ከሕንጻው በስተጀርባ፣ ከዕቃ ማራገፊያው፣
ኦረስት ይፈርማል፤ ይንቀጠቀጣል እጁ፣ ያው።

ስድሳ አንድ ዓመቱ ነው፤ የስንዴ ሰው ነበር፣
እርሻው ተሸጠና ሣጥን ይቆጥር ጀመር።
ፊርማው እንደ ትልም ቀጥ ያለ ነበር አሉ፤
አሁን ግን ኩርባ ነው፣ ዳገት ቁልቁል ሁሉ።
ሐኪም የሰጠውን ስም በአፉ አይጠራም፤
«ነፋሱ» ይለዋል፤ ሌላ ስም አይሻም።

ሣጥኑ ትልቅ ነው፣ ሁለት እጅ ይሞላል፤
ከላዩ ቀይ ጽሑፍ፦ «አይነቅነቅ» ይላል።
«ታዲያ ለእኔ ሰጡኝ!» ብሎ ሳቀ ኦረስት።
ሳቁ ጥሩ ሳቅ ነው፤ ዓይኑ ግን የለበት።

ከፈትነው። በረዶ! የታሸገ በረዶ!
ውጭ ከዜሮ በታች ሠላሳ አራት ወርዶ።
«ወደዚህ ከተማ፣ በጥር፣» አለ፣ «ምነው፣
በረዶ በፖስታ የሚልከው ማነው?»

በረዶው ሲነሣ ካርቶን፣ በካርቶኑ ስፖንጅ፣
በስፖንጁ ብልቃጥ — አንዲት አንጓ የማትሞላ ከእጅ።

ባዶ ናት።
ባዶ ትመስላለች።
አምና ኮልተን የሚሉት አዲስ ልጅ ነበረን፣
«ምንም የለባትም» ብሎ ጥሎ አሳበደን፤
ጓንት በጓንት ደርቤ ጥራጊውን ሳምስ
አመሸሁ፣ ስምንት መቶ ዶላር እስክመልስ።
አሥር ማይክሮግራም ናት። ጤዛ እንኳ አታህልም፤
ትንፋሽ ይዘው ቢያዩዋት ለዓይን አትገኝም።
ክዳኗ ሥር ተለጥፋ ታድራለች አንዳንዴ፣
አሽከርክረን ነው የምናወርዳት — በዘዴ።

መለያዋ ላይ ግን ጎልቶ «የሰው» ይላል።
የማን ሰው? ተብሎ ቢጠየቅ፣ ማን ያውቃል?
ከማንም ገላ ላይ ተቆርሳ አልመጣችም፤
ደም አልፈሰሰባት፣ ማሕፀን አላየችም።
የሰውን ፊደል ቀድተው ለባክቴሪያ ሰጡት፤
በብረት ጋን፣ በሙቅ ሾርባ አስቀመጡት፤
ንባቡን ይዞ እንጂ ትርጓሜው ሳይገባው፣
እንደ ቆሎ ተማሪ በቃሉ ተወጣው።
አነጠሯት፣ አደረቋት፣ እንደ ቋንጣ ሰቀሏት፤
ዋጋና ቁጥር ለጥፈው በፖስታ ሰደዷት።

«ምን ትሠራለች?» አለኝ፣ አጎንብሶ እያያት።
መዋሸት ይቻል ነበር፤ ቢሆንም ነገርኩት፦
«ከአንጎል ሥር የሚደክሙ ሕዋሳት አሉ፤
እጅን ‹እርጋ›፣ እግርን ‹ሂድ› የሚሉ፤
እነሱን ታጸናለች፣ ከሞት ታቆያለች፤
ከሳህን አታልፍም፤ እዚያው ትቀራለች።»

እጁን አየ። ግራው ቀኙን ያዘው።
«ለእኔስ?» አላለም፤ ዓይኑ ግን ጠየቀው።
ብልቃጧን አዞርኩ። ከሥር፣ በደቂቅ ፊደል፦
«ለምርምር ብቻ። ለሰው አይሆንም» ይላል።

የሰው ናት።
ለሰው አትሆንም።
ሰው መድኃኒቱ ሰው — ያደግኩበት ተረት —
ምላሴ ላይ ደርሶ ተመለሰ በሀፍረት።

ኦረስት ግን አነበበው፤ ሁለቴ፣ ሦስቴ።
«ይሄን አውቀዋለሁ» አለኝ፣ «ከድሮ ቤቴ፤
የዘር ስንዴ ጆንያ፣ መድኃኒት የነካው፣
ቀይ ተቀብቶ፣ ‹ለምግብ አይሆንም› የሚለው።
ስንዴ ነው። አይበላም። ልጅ እንኳ ቢራብህ።
አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ትዘራዋለህ።»

ጋሪውን ገፋና በኮሪደሩ ሄደ፤
አንዱ ጎማ ጮኸ፣ እየተንገዳገደ።
እኔም ብልቃጧን አሽከረከርኩ፣ ከፈትኩ፣
መቶ ማይክሮሊትር ውሃ ጠብ አደረግኩ፤
አልነቀነቅኩም። ጠረጴዛውን ተደግፌ
ሃያ ደቂቃ ጠበቅኩ፣ እጄን አሳርፌ።

ከደብተሬ ገጽ ላይ የምርት ቁጥሯን ጻፍኩ፤
ከሥሩ ኦረስት የፈረመበትን ለጠፍኩ።
ዳገትና ቁልቁል። በዚህ ሜዳ አገር
እንዲህ ያለ እርሻ አይቼ አላውቅም ነበር።