የደወሉ ምላስ

በኦሃዮ ወንዝ ዳር፣ በኬንታኪ ዳርቻ፣
አንድ ጸሎት ቤት ነው የነበረን ብቻ።
አግዳሚ ወንበሩን እኔ ነኝ የላግሁት፣
ከደረቀ ዝግባ በመጋዝ ያወጣሁት።
ከበላዩ ደግሞ ሰገነት አወጣሁ፣
ጠባብ መሰላሉን በጓሮ አስገባሁ፤
ባሮቹ በዚያ በር ገብተው እንዲሰሙ፣
ከጌቶቻቸው ራስ በላይ እንዲቆሙ።
ያኔ አልከነከነኝ፤ ክፍያዬን ያዝሁኝ፣
ምስማሬን ቆጥሬ ወደ ቤቴ ሄድሁኝ።

ሽማግሌው ፕሩዊት፣ ደወሉን የሰጠ፣
የዶርካስን ልጅ ነው ለደቡብ የሸጠ።
ገና ዘጠኝ ዓመቱ፤ በመርከብ ወሰዱት፣
በአራት መቶ ዶላር ናቸዝ አወረዱት።
ናሱ ሲሰቀል ቆመን ዘመርን፤
ከሰገነት በኩል ዝምታው አልተሰማን።

ነገር እንደ ምስጥ ነው፤ ከውስጥ ነው ሚበላ፤
ቀለሙ ሳይለቅ ያልቃል የእንጨት ገላ።
አንድ እሑድ ባለወፍጮው ካሌብ ዊትሮ ተነሣ፣
ቀጭን ሰው፣ ሳለኛ፣ ድምፁ የሚያሳሳ፤
«ወንድሞቼ» አለ፣ «ይህ ደወል ሲመታ፣
ናስ ነው የሚጮኸው ወይስ የልጅ ዋይታ?»
ፕሩዊት ብድግ አለ፣ ፊቱ ቀላ በቁጣ፤
መጽሐፉን ገልጦ ከጳውሎስ አመጣ፤
ካሌብም ገለጠ፣ ከሙሴ ጠቀሰ፤
የአንድ መጽሐፍ ቃል ለሁለት ፈሰሰ።

ከዚያ ወዲያ ወፍጮው ለግማሹ ቆመ፣
የጎረቤት ሰላምታ እዚያው አከተመ።
ዋሽንግተን ሕግ አወጣ፦ «የሸሸውን ባሪያ
ላላስያዘ ሁሉ ወህኒ ነው ማደሪያ።»
ካንሳስ ላይ ጎረቤት ጎረቤቱን አርዶ፣
ወሬው በእንፋሎት መርከብ ከእኛ ደረሰ ነዶ፤
የፕሩዊት ታናሽ ልጅ ጠመንጃ አነገተ፣
የካሌብም በኩር በማግስቱ ዘመተ።
ሁለቱንም ዋና ያስተማርኋቸው በዚሁ ወንዝ ነው።

በኋላ እኔን ጠሩ፤ «መጋዝህን ይዘህ ና፣
አንድ ቤት አይበቃን፣ አካፍለን» አሉና።
አሥራ አራት ወንበር፣ ሰባት ለየወገን፤
ረጅሙን ጠረጴዛ ከወገቡ ገዘገዝን።
ጽዋውን በዕጣ፣ ምድጃውን በብር፤
ደወሉ ግን ሄደ እስከ ዳኛው በር።
«እስኪፈረድ ድረስ ማንም አይደውለው»
ተብሎ ሦስት ዓመት ዝምታ ዋጠው።
ሰገነቱ የማን? ማንም አልጠየቀ፤
ባለጉዳይቱ ከላይ ቆማ ሙግቱ ዘለቀ።

በጥር፣ ወንዙ በረዶ የሠራ ሌሊት፣
ዶርካስ ጠፋች አሉ፤ ውሾችም አላገኟት።
ፍርዱ ለፕሩዊት ሆነ። ገመድ ይዘን ወጣን፣
ጎትተን ጎትተን አንዲት ድምፅ አጣን።
ምላሱ የለበትም! ከሥሩ ተፈትቶ፣
ማዶ ተሻግሮ ነው ወይስ ወንዝ ውስጥ ገብቶ?
ልጇን የበላ አፍ ያለ ምላስ ቀረ።

በሚያዝያ ከደቡብ መድፍ ተተኮሰ፤
ያለ ደወል ጥሪ ሰው ሁሉ ገሰገሰ፤
ወንበር የተካፈለ ጦር ሜዳ ተካፈለ፤
እኔ በገዘገዝሁት ልክ አገር ተከፈለ።

ስለ ዶርካስ ደግሞ ዛሬም ይጠይቁኛል፣
ብሎኑን በምን ፈታችው ይሉኛል።
ያን ሰሞን ጉጠቴን ሰገነት ላይ ረሳሁ፤
ረሳሁ እላለሁ።
ምስማር ሳልቆጥር ግን ከሥራ መቼ ተነሣሁ?