ቆጣሪው

አስፋልቱ ሲያበቃ፣ ጭቃው ሲጀምር፣
አውቶቡሱ ዞሮ ሰው ሲያራግፍ፣ ሰው ሲያሳፍር፣
ከኮዬ ፈጬ ጫፍ፣ ከስንዴው ማሳ ዳር፣
ብሎክ ሃያ ዘጠኝ፣ የኛ መንደር።
አምስት ፎቅ ነው። አሳንሰር የለው፤
ውሃ እንኳን ወደ ላይ የሚወጣው በልመና ነው።

ጋሽ ዘውገ ከላይ ነው፣ መጨረሻው ቤት፣
ጡረታ የወጣ ቆጣሪ አንባቢ፤ ሠላሳ አንድ ዓመት
የሰው በር አንኳክቶ፣ ከውሻ ተሯሩጦ፣
ቁጥር ሲለቅም ኖሮ ሊያርፍ ነበር ተቀምጦ።
አልተቀመጠም።
ማታ ማታ ባትሪውን ይዞ ይወርዳል፣
የደረጃውን አምፖል ባዶ ሲያበራ ካየ ያጠፋል፤
ደብተር አለው በኪሱ፣ ስፌቱ የላላ፣
ይጽፋል፦ «ሁለተኛ ፎቅ፣ ሌሊቱን ሙሉ በላ።»

ልጆቹ ስም አወጡለት። «ቆጣሪው መጣ!»
ይላሉ ኮቴው ሲሰማ፣ ሲወርድ ሲወጣ።
እኔም ስቄያለሁ፣ ልዋሽ አልችልም፤
«ሰው ላንድ አምፖል ብሎ ጉልበቱን አይጨርስም»
ብያለሁ፣ ካውያዬን ሰክቼ በረንዳ ላይ ቆሜ ሳወራ፣
ቴሌቪዥኑ ለባዶ ሶፋ ሲሰብክ፣ ምድጃው ያለ ድስት ሲያበራ።

ጥቅምት ላይ ይመስለኛል፣ ልክ ምሽት አንድ ሰዓት፣
ሁሉም ድስት ሲጥድ፣ ሁሉም ሲሰካ ባንድ ቅጽበት፣
ትራንስፎርመሩ ፈነዳ።
ከብሎክ እስከ ብሎክ፣ በየመስኮቱ ጨለማ ተቀዳ።
ከዚያ ነው ነገሩ የገባኝ። አራት ቀን ያለ ውሃ፤
ፓምፑ አይነሳም፣ ጣሪያው ላይ ታንከሩ በረሃ፣
ጋሽ ዘውገ ደግሞ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቱ፣
ጀሪካን በግራ፣ ጀሪካን በቀኝ፣ ሳል በደረቱ፣
በየፎቁ እረፍት፣ በየፎቁ አንድ ትንፋሽ።
አየሁት። ካውያዬንም አየሁ። የት ልሽሽ?

«ጋሼ፣ ላግዝህ» ስለው፣ ጀሪካኑን ከእጁ ሳይለቅ፣
«ውሃውን ተይው፤ ሰዓቱን አግዢኝ» አለኝ፣ ሲያስል ሲስቅ።

ስብሰባው ደረጃው ላይ፣ ለሃያ ሰው አንድ ሻማ፤
ወይዘሮ እማዋይሽ ጀመሩ፣ ብሎክ ሠላሳ እስኪሰማ፦
«የምከፍለው ከኪሴ! ማን ነው ሰዓት የሚቆርጥልኝ?» አሉ፤
«ትራንስፎርመር ኪስ ያያል እንዴ?» ሲል ኩምሳ በያጁ፣ ሳቁ ሁሉ።
እስከ አራት ሰዓት ተጨቃጨቅን። ተስማማን፣ በግማሽ ልብ፦
ታችኞቹ ቀድመው ያብስሉ፣ ላይኞቹ ይቆዩ፣ ካውያ ለእሑድ ይታሰብ፤
ፓምፑ ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ መስመሩ አርፎ ሰው ሲያንቀላፋ፤
የደረጃው አምፖል ግን ከሦስት ሰዓት በኋላ ይጥፋ።

ባምስተኛው ቀን ትራንስፎርመር መጣ፣ ካሮጌው የማይበልጥ፤
ግን ውሃው ወጣ! ሌሊት ዘጠኝ ላይ ሰማሁት፣ ቧንቧው ውስጥ፣
እንደዘገየ እንግዳ፣ ቀስ ብሎ ደረጃ ሲረግጥ።

አንድ ማታ ታዲያ፣
ጋሽ ዘውገ ሊያጠፋ ሲወርድ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ
እጁ ማብሪያው ላይ ደርቆ ቀረ። ወረድኩ፣ ምን ሆኖ እንደሁ ላይ።
ለሊሴ ናት፣ የጥበቃው ልጅ፣ ጀርባዋን ለግድግዳ ሰጥታ፣
ፊዚክስ ጉልበቷ ላይ፣ እርሳሷን ነክሳ፣ አንገቷን ደፍታ።
ቤታቸው ቆርቆሮ ነው፣ ካጥሩ ሥር፣ መስመር ያልገባለት፤
የኛ ብክነት ነበር የሷ መብራት።

«ተነሺ» አላላትም። «ስንት ምዕራፍ ቀረሽ?» አላት።
«አራት።»
ዝም ብሎ ወጣ። ቆይቶ ወረደ፣ ያችን ነጯን፣ ቆጣቢዋን፣
ከራሱ መኝታ ቤት ነቅሎ፤ ቀየረ አሮጌዋን፣
ያችን ቢጫ፣ እጅ የምታቃጥለውን።
ከዚያ ሲያስል ሰማሁት፣ በጨለማ ሲፈልግ በሩን።

ወሩ ሲያልቅ ደብተሩን ሰጠኝ፣ «ደምሪልኝ፣ ዓይኔ ደከመ»፤
ገጽ በገጽ፣ «በላ»፣ «አልበላም»፣ «ጠፋ»፣ «ቆመ»፤
በዚያች ማታ መስመር ላይ ግን፣ በሚንቀጠቀጥ ቀለም፦
«ሦስተኛ ፎቅ። አንባቢ አለበት። አይጠፋም።»