ያልመጡ ሰዎች ብዛት

መጀመሪያ ጦይባ መጣች፤
ከንፈሯ አብጦ፣ ጫማዋ አንድ እግር ብቻ ሆኖ።
ወንበር ሰጠኋት። ውኃ። ለጤና ጣቢያው ደብዳቤ።
ሰማያዊ ማኅደር ላይ ቁጥር አንድ ብዬ ጻፍኩ፤
የዚያን ቀን ሥራ የሠራሁ መሰለኝ።

ከዚያ ስንዱ። ከዚያ ዘምዘም። ከዚያ ስሟን ያልነገረችኝ፣
ጨርቃ ጨርቅ ገብታ ክር የምትቀጥል፣ ጣቷ እንደ ክሩ የቀጠነ።
ማኅደር በማኅደር ላይ፣ እኔም አንድ በአንድ፣ አንድ በአንድ፣
ጎርፍ በጣሳ እንደሚቀዳ ሰው።

አሥራ አንደኛዋ ስትወጣ በሩን ዘጋሁ፤
ማኅደሮቹን መሬት ላይ ዘረጋሁ፣
እንደ ገበያ ሽንኩርት፣ በመደብ በመደብ።
አሥራ አንድ ስም፣ አሥራ አንድ እንባ፤
ቦታው ግን አንድ፦ ከቦርከና ድልድይ ወዲህ፣
አምፖል የሌለው ኩርባ።
ሰዓቱም አንድ፦ ፈረቃው ከምሽቱ አምስት ይለቃል፣
የመጨረሻው አውቶብስ በአራት ሄዷል።
አሥራ አንድ ቁስል አይደለም ለካ፤
አንድ ሰዓት ነው የቆሰለው።

እናቴ፣ ደሴ፣ ቧንቧ ውኃ ሰፈር፣
ሥራዬን ለጎረቤት ማስረዳት አቅቷታል፦
«ሐኪም አይደለች፣ ዳኛ አይደለች፤
ብቻ ሰው ሲያለቅስ ትጽፋለች።»
አብሮኝ የተመረቀው ኑርዬ ባንክ ገባ፤ ከረባት አለው።
የሻረግ ከተማ አስተዳደር በጀት ክፍል ተቀምጣ
በቀይ እስክሪብቶ አንዲት መስመር ታድናለች።
«አዳምጡት ያሉንን ሐዘን» ትል ነበር፣
«እዚህ በአኃዝ ተጽፎ አገኘሁት።»
ያኔ ስቄባታለሁ። አሁን ደወልኩላት።
«የመንገድ መብራት የት ዓምድ ነው የሚተኛው?»
«ልዩ ልዩ ወጪ» አለችኝ፤ «ልጆቹም እዚያው ናቸው።»

ቅሬው ጋ ሄድኩ፣ ቅዳሜ፣ ከዱዓ በኋላ።
አቶ ይመር ሙሄ መዝገቡን ገለጡ፦
ድንኳን፣ ምንጣፍ፣ የቆፋሪ አበል።
«እኛ የሞተ ነው የምናነሣ» አሉ፤
«በሕይወት ላለ ሰው ገጽ የለንም።»
«አንዷ ብትሞት ስንት ታወጣላችሁ፣ ጋሼ?»
አስልተው ነገሩኝ፤ ሳንቲም አልሳቱም።
«እንግዲያ ግማሹን ዛሬ ስጡኝ፤ ድንኳኑ ይቅር።»
ዝም አሉ። በጣታቸው ያለው ሙስበሃ እንኳ ቆመ።
ከኋላ አንዲት ሴት «አሚን» አለች፣
ዱዓው የቀጠለ መስሏት።

ከተማው ስብሰባ ላይ እኔ አልተናገርኩም።
(የከበደኝ ይህን መማር ነው፤ ዲግሪው አይደለም።)
ጦይባ ተነሣች፤ ማይኩን እንደ ክር ጥቅል ያዘችው፦
«ወላሂ፣ እኔ ሸሚዝ ነው የምሰፋ፤
ቁልፉ አንድ ሚሊ ቢዛነፍ ደሞዜ ይቆረጣል።
አውቶብሳችሁ አንድ ሰዓት ሲዛነፍ
የማን ደሞዝ ተቆረጠ?»
አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ በሣቁ አፈረ።

ድል አልለውም።
አውቶብሱ ወደ አምስት ተኩል ተገፋ፤ ሐሙስና እሑድ ግን
«ነዳጅ የለም» ይላሉ።
ከዘጠኝ አምፖል ሦስት በራ። አንዱን በወንጭፍ ሰበሩት፤
ቅሬው ተካው፣ ከቆፋሪው አበል ቀንሶ።

ግንቦት፣ ኮምቦልቻ እንደ ምጣድ ስትግል፣
ወንበሬ ባዶ ዋለ፤ ባዶ ሰነበተ።
ከደሴ ቅጽ መጣ፦ «የተስተናገዱ ባለጉዳዮች ብዛት»።
ዜሮ ጻፍኩ። አለቃዬ ደወለ፦ «ምን ስትሠሪ ከረምሽ?»
ምን ልበለው? ያልመጣች ሴት አትፈርም፤
ያልተመታ ከንፈር ማስረጃ አይሆንም።
ከኅዳጉ ላይ በእጄ አንድ ዓምድ አሰመርኩ፣
ርእሱን ጻፍኩ፣ ቁጥሩን ሳላውቀው ተውኩት።

ማታ፣ ሚኒባሱ ሐረጎን ሲወጣ፣
በመስኮት ወደ ታች እቆጥራለሁ፦
አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣
ከዚያ ጨለማ፣ ከዚያም ጨለማ።
ስልኬ ጮኸ። ጦይባ ናት።
«ደህና ገባሁ። ግን የቤት ኪራዩ ነገር...
ስድስት ሆነን በአንድ ክፍል፣ አሁንም ጨመሩብን።»
«ነገ ቢሮ ነይ» ልላት አፌን ስከፍት
«አልመጣም» አለች፣
«ቆጥሬአቸዋለሁ፤ አርባ ሦስት ነን። አንቺ ነይ።»