ማነው የሞተብሽ?

ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጥቁር ቀሚስ ለበስኩ፤
ቅዳሜ ገበያ ድንች እየመረጥኩ
«ማነው የሞተብሽ?» ላለኝ ሁሉ ዋሸሁ፦
መጀመሪያ አጎት፣ መተከል ያለ አጎት፣
ከርሞ የአጎት ሚስት።
ስንቱን ያልተወለደ በአፌ ገደልኩት፣
ስንቱን በሌለ መቃብር አፈር አለበስኩት።

ማንም አልሞተብኝም።
ጥቁር ጨርቅ እርጥበት አያሳይም፤ ሌላ ምስጢር የለውም።

አራተኛው ልጄ፣ ያ ራሰ ትልቁ፣
ሁለት ሌሊት አስምጦኝ ሲወጣ በጭንቁ
ከታች የላላውን የሚያጠብቅ አልተገኘም።
ከዚያ ወዲያ ሳል ጠላቴ፣ ማስነጠስ ጠላቴ፣
ከሁሉ ከሁሉ ሳቅ ሆነ ጠላቴ።
ጀሪካን ሳነሳ፣ ደረጃ ስወጣ፣
ጠብ ትላለች አንዲት፣ ሌሎቹን አስከትላ ልትመጣ።

«ፊስቱላ አይደለም» አለችኝ ነርሷ፣ ገና ያልወለደች፤
«የእናት ነገር ነው፣ ይለመዳል» ብላ ካርዴን አጠፈች።

አስተማሪ ነኝ፣ አራተኛ ክፍል። ማክሰኞ ሰሌዳ ላይ
«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ብዬ ጻፍኩ፤
ስልሳ ሁለት ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲገለብጥ
የጠመኔው ብናኝ አፍንጫዬን በላኝ፣ ጭኔን ገጥሜ ማስነጠሴን ዋጥኩ።

መንገዱን በመጸዳጃው ነው የማውቀው፦
የአዲስ ቅዳሙ በር የለውም፣
የዳንግላው ቁልፍ ከሻይ ቤቷ ሴትዮ ኪስ ነው፣
ከዱርቤቴ ወዲያ ባሕር ዛፍ ይሸሽገኛል፣ ሹፌሩ ከታገሰ።
ቅዳሴ ላይ ከበሩ አጠገብ፣ ሰርግ ላይ ግድግዳ ተጠግቼ፣
«ኮርታለች» ሲሉኝ እሰማለሁ፣ ትከሻዬን ከራሴ ቀምቼ።

ባሌ አላምረው ጨዋታ አዋቂ ነበር፤
ሲጀምር ተነስቼ እወጣለሁ።
ቀስ በቀስ ተወው። «ጠላችኝ» ብሎ ይሆናል።
በአንድ አልጋ ዝም ተባብለን፣
እሱ ወደ ግድግዳው፣
እኔ ከአንሶላው ስር ላስቲክ አንጥፌ።

አንድ ማታ፣ መብራት ሲጠፋ ነገርኩት።
አልመለሰልኝም። የተኛ መሰለኝ።
ሲነጋ ሽባባውን፣ ከሰል ነጋዴውን፣ አስከትሎ
ዲከረንሳችን ውስጥ ገባ፤
ስድስት ዓመት የቆመ፣ ለልጆች ቤት ያልነው።
የወንድሙን ብድር፣ የእኔን ዕቁብ ጨመረበት።
«ዛፍ ይበቅላል» አለ። ሌላ ምንም አላለ።

ቼናይ ከእንጅባራ ጭጋግ ለመጣ ሰው ምድጃ ናት።
አስተርጓሚው የሐረር ልጅ፣ ፋርማሲ የሚማር፣
«ሽንት» ማለት አፍሮ «ውሃ» ይላል፣ ጆሮው እስኪቀላ።
«ልጄ» አልኩት፣ «በስሙ ጥራው፤
ዘጠኝ ዓመት ያለ ስሙ ነው የገደለኝ።»

ሐኪሟ አጭር ሴት ናት። ወረቀት ላይ ሣለችው፦
የላላውን ከስሩ የሚደግፍ ጥብጣብ፣
ከነጠላ ጥለት የቀጠነ፣
ከውጭ የሚታየው ሁለት ቀዳዳ፣ የገብስ ፍሬ የሚያክል።
ግማሽ ሰዓት አልሞላም አሉኝ።
ዘጠኝ ዓመት፣ በግማሽ ሰዓት!

በማግስቱ መጥታ ራሷ ሳለች፣ «አንቺስ?» አለች በእጇ።
ትናንት ሣለች፣ ዛሬ ሳለች፤
ቃሉ አንድ መሆኑን ልነግራት አሰኝቶኝ ተውኩት።
ሳልኩ።
ጠበቅኩ።
ደግሜ ሳልኩ፣ እንደ አሮጌ ገልባጭ መኪና።
ደረቅ።
የሐረሩ ልጅ ጀርባውን ሰጥቶን ቆሞ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር፤
ይስቅ ያልቅስ አልጠየቅኩትም።

«ስድስት ሳምንት ሸክም የለም» አለች።
«ሊመለስም ይችላል፣ ሁሉም ሴት እኩል አይደለችም» አለች። አልዋሸችኝም።
የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም ይላል ያገሬ ሰው፤
እውነት ነው፣ ዘጠኙ ዓመት አልታፈሰም፤
አላምረው ያልነገረኝ ቀልድ የት እንደገባ እንጃ።

ቢጫ ቀሚስ ለብሼ ገበያ ወጣሁ።
«ሐዘንሽን ጨረስሽ?» «ጨረስኩ።»
ድንች ሻጯ የዝባለም ብቻ አልጠየቀችኝም።
ሁልጊዜ ጥቁር ናት። እንዴት እስከዛሬ አላየሁም?
ጎንበስ ብዬ ድንቿን እየለየሁ
«አንቺስ፣ ማነው የሞተብሽ?» አልኳት።
«አጎቴ» አለች። «ሩቅ አገር ያለ።»

ሳቄ አመለጠኝ።
እሷም ጀመረችና ቶሎ ዋጠችው፣ ጭኗን ገጥማ።

ድንቹን ተውኩት። ከማዳበሪያዋ ጫፍ ተቀመጥኩ።
የሚቆረጥ ዛፍ የላትም፣ ያላት ይኼ ድንች ነው።
በጆሮዋ፣ ቀስ ብዬ፣
በስሙ ጠራሁላት።