እርማት

ማክሰኞ ማለዳ፣ ፔኒሽ ላይ ሲያካፋ፣
በካፖርቴ ኪስ ውስጥ ስልኬ እንደ ዓሣ ተላፋ።
«አንሴልሞ ቫሬላ፣ ዕውቁ ዓሣ አጥማጅ፣
ትናንት ማታ ዐረፉ፣ ባደጉበት ደጅ።»
ማሽን የጻፈው ነው፣ ያስታውቃል ከቃሉ፤
«ሞገዶቹ ሁሉ ጥቁር ለብሰው ዋሉ።»

ሟች ግን ከኔ ፊት ነው፣ ለዳቦ ተሰልፎ፣
እርጥብ ጃንጥላውን እንደ ሕፃን ታቅፎ።
ዳቦ ሻጯ ዱልሴ ስልኳን አየች፣ እሱን አየች፤
ሳንቲሙን በእጇ እንደያዘች ቀጥ ብላ ቀረች።
«ነፍስ ይማር» ይባላል? «እንዴት አደሩ» ይባላል?
ለሞተ ደንበኛ መልስ እንዴት ይሰጣል?

ሠላሳ አራት ዓመት በዚሁ ከተማ ጋዜጣ አራሚ ነበርኩ፤ ስሕተትን አውቃለሁ።
አንድ ጊዜ፣ በኔው ጥፋት፣
የዳኛውን ሚስት ለመድኃኒት ቀማሚው ድሬያለሁ።
በማግስቱ ገጽ ሦስት ላይ፣ ከጫማ ማስታወቂያው ሥር፣
በጉንዳን ፊደል አፋትቻለሁ።
የዚያን ዘመን ስሕተት እግረኛ ነበረ፤
ቢርቅ እስከ ገበያ፣ ማታ ዓሣ ተጠቅልሎበት አደረ።
የዛሬው ክንፍ አለው፣ ከቤት አያድርም፤
እርማት ቢልኩበት ሮጦ አይደርስበትም።

ቀትር ሳይሆን ሊዮን ያለች ልጁ ጥቁር ቀሚስ ገዛች።
ባንኩ ሒሳቡን ዘጋ፣ ጡረታው ታገደ፤
የመብራት ዕዳው ብቻ
ሞቱን ሽምጥጥ አድርጎ ካደ።

ይዤው ቢሮ ሄድኩ።
ሰው የለም። አንድ ስክሪን አለ።
«በሕይወት መኖርዎን ያረጋግጡ። ፈገግ ይበሉ።»
አንሴልሞ ፈገግ አለ፤ ጥርስ የለውም።
«ሁለቱንም ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ ይግለጡ።»
ግራውን ሞራ ከጋረደው ሦስት ዓመቱ ነው።
«ይቅርታ፣ ሕይወት አልተገኘም።»
«ሐኪሜ እንኳ እንዲህ ደፍሮ አልነገረኝም» አለና
ትከሻው እስኪነቃነቅ ሳቀ።
ካሜራው ግን ያኔ ጠፍቶ ነበር።

ማሽኑን አልወቅስም።
ሌላ አንሴልሞ ቫሬላ ነበረ፣ አዞሬስ ደሴት ላይ፣
ላሞች የሚያልብ፣ በዚያች ሌሊት የሞተ።
የሱ ዕንባ ተሳስቶ ወደኛ መጣ፤
እሱ ያለ አልቃሽ ተቀበረ።
ይህንን የትኛው ገጽ ላይ እናርመዋለን?

አራት ሺህ ሰው አልቅሷል፣ በጣቱ።
በዚያው ጣት በሩን ያንኳኳ ግን
አንድም።

ማታ ወረቀት አወጣሁ። በእጄ ጽፌ
የዓሣ ገበያው በር ላይ ለጠፍኩ፦
«እርማት። አንሴልሞ ቫሬላ
አልሞተም
ትናንትም ካርታ ስንጫወት አጭበርብሯል።»
ስድስት ሰዎች አነበቡት።
ስድስቱም ቤቱ ሄዱ፤ አንዱ ወይን ይዞ፣
አንዱ የዛሬ ዓሥር ዓመት የተበደረውን መረብ፣
ሌሎቹ ባዶ እጃቸውን፤ እሱም በቂ ነበር።

በኅዳር፣ ባሕሩ ጸጥ ባለበት ቀን፣
አንሴልሞ የምር ሞተ።
ልጁ ሁለት መስመር ጽፋ ለዓለም ላከች።
ከሥሩ ወዲያው ቢጫ ምልክት በቀለ፦
«ይህ መረጃ ቀደም ሲል ተጣርቶ
ሐሰት መሆኑ ተረጋግጧል።»
ደግ ነው፤ መማሩ አይከፋም።
ማሽን ከስሕተቱ ሲማር እንዲህ ነው።

ቀብሩ ላይ ሰባት ነበርን፣ እኔን ጨምሮ።

ስመለስ በገበያው በር አለፍኩ።
ወረቀቱ እዚያው ነው፣ ጠርዙ ተጠቅልሎ፣ ጨው ጠጥቶ።
ቀይ እርሳሴን አወጣሁ፤ አሮጌ ልማድ።
ሦስት ፊደል ማጥፋት ብቻ ነው፣
ዕድሜዬን ሙሉ የሠራሁት ሥራ።
«አል»ን ዝናቡ ቀድሞኝ አጥቦታል።
«ም»ን እኔ ሰረዝኩ።