ሰባ አንደኛዋ ደቂቃ

ዉች ከተማ፣ ፖላንድ፤ ጥር ወር ሊጋመስ ሲል፣
ቴሌቪዥኔ ላይ ብቅ አለ አንድ ምስል፤
«ክፍያዎ አልሠራም፣ ካርድዎን ይቀይሩ»፣
ከግርጌው ሦስት ዋጋ፣ ተኩለው ሲያበሩ።
ካርዱን ብቀይረው ሂሳቡ ነው ባዶ፣
የክር ፋብሪካችን ተሽጦ፣ ተንዶ።
ሰረዝኩት። ሦስት ጊዜ «እርግጥ ነው ወይ?» አለኝ፤
ባሌ እንኳን ሲለየኝ እንዲህ አልለመነኝ።

ማልቪና ልጄ ግን፣ ዘጠኝ ዓመት ሞልቷት፣
ከትራሙ ማዞሪያ ቤተ መጻሕፍት አላት።
(ለእሷ የተሠራ እንጂ የከተማው አይመስላት።)
መጽሐፍ ብቻ አይደለም፣ ዲስክም ያውሳሉ፣
ለሳምንት፣ በነፃ፤ «በቀኑ መልሱ» ነው፣ ሌላ ምን ይላሉ፤
አንድ ቀን ላለፈ አሥር ግሮሽ ቅጣት፣
በቆርቆሮ ጣሳ ቋ የምትል ናት።
ጌኖቬፋ አለች፣ የዲስኩ ኃላፊ፣
ለሰው ፊልም ስትመርጥ፣ እግር አይታ እንደ ጫማ ሰፊ፤
ልጄን አየት አድርጋ፣ «ይሄ ይሆናችኋል፤
ከሰባ በኋላ ትንሽ ይዘላችኋል።»

ፊልሙ ስለ አንዲት ሴት፣ ወንዝ ዳር ስለምትኖር፣
ከጀልባ ቀዛፊ ጋር ቃሏን ስለምታስር።
ሰባ አንደኛዋ ደቂቃ ላይ
ደብዳቤ መጣላት። ፖስታውን ቀደደች —
ክርርር።
ማዶ ናት። ጫማዋ ርሷል።
ትስቃለች። ጀልባው የለም።

አራት ደቂቃ በላች፣ ፀጉር የምታህል ጭረት።
በእስትንፋስ አሞቅሁት፣ በቀሚሴ ጠረግሁት፣
በጥርስ ሳሙና እንኳ አሸሁት፣ ፈተግሁት፤
ክርርር። ማዶ ናት። ጫማዋ ርሷል።

በማግስቱ ደረጃው ላይ ይህን ሳወራ፣
አቶ ኢሬኔዎሽ፣ ጡረታ የወጡ ከትራም ነጂነት ሥራ፣
የድንች ከረጢታቸውን አስቀምጠው፦
«ያንን ዲስክ!» አሉኝ፣ «እኔም ወስጀዋለሁ፤
የደብዳቤውን ቃል ግን እኔ አውቀዋለሁ።
ሞቷል ነው የሚለው። ሳቅ ሳቅ ይመስልሻል፤
የሚስቴ ቀብር ላይ ያየኝ ይነግርሻል።»

ሁለተኛ ፎቅ ያለች፣ ከካርኪቭ የመጣች፣
ሶሎሚያ በሯን ገርበብ አድርጋ ወጣች፤
«አይደለም» አለች ቀስ ብላ፣ «ወረቀቱ ላይ ያለው
ቁጥር ነው፣ የቤት ቁጥር፤ ቤቱ አልፈረሰም ነው።»

ማንም አልመለሰላት።

የደረጃው መብራት ሰዓቱ ደርሶ ጠፋ፤
ከጨለማው ውስጥ ልጄ፣ ድምጿ ሳይከፋ፦
«ባዶ ነው ወረቀቱ። አጣጥፋ፣ አጣጥፋ፣
ጀልባ ሠራችበት።»

እኔስ? የእኔን ግምት ለማንም አልነገርኩ፤
ከፋብሪካው ቢሆን ብዬ ነው ያደርኩ።

በፋሲካ ሰሞን፣ በመንግሥት ጣቢያ ላይ፣
በአንቴና፣ በነፃ፣ ያው ፊልም ሊታይ!
አቶ ኢሬኔዎሽ ጣሪያው ላይ ወጥተው፣
«አሁንስ?» እያሉ፣ ሽቦ ጨብጠው፤
እኛ ከታች «ግራ! ኧረ ቀኝ! አቁሙ!»
የደረጃው ሰው ሁሉ ሳሎኔ ታደሙ፤
ሶሎሚያ ከነወንበሯ፣ ጌኖቬፋ ከነኬኳ፣
ማልቪና በሰዓቷ ደቂቃ ቆጣሪ ናት እሷ።

ስድሳ ዘጠኝ። ሰባ። ትንፋሽ የለም።
ፖስታውን ቀደደች።
አነበበች። ፊቷ ዝም።
ማንቆርቆሪያ ጣደች።
መስኮት ከፈተች፣ ዘጋች።
ውኃው ሲፈላ ቆማ አየችው።
ወረቀቱን ምድጃው ውስጥ ከተተችው።
ለእኛ አላነበበችልንም።
ከዚያ ማዶ ናት። ጫማዋ ርሷል። ትስቃለች።

ይኸው ነው እንግዲህ፤ አራት ደቂቃ ሙሉ፣
አንድ ማንቆርቆሪያ ውኃ።

ኬኩን የቆረሰ የለም።
ሶሎሚያ እጆቿን አየች።
አቶ ኢሬኔዎሽ ጉሮሯቸውን ጠርገው፦
«የተቆረጠውስ» አሉ፣ «ይሄኛው ነው።»

ሰኞ ጌኖቬፋ፣ ያረጀውን ልትጥል ስትለይ፣
ልጄ ዲስኩን አየችው ከካርቶኑ አፍ ላይ፤
«ለሳምንት ልዋሰው» አለች።
ሳምንቱ አለፈ። ሌላም አለፈ።
አንዴ ሶሎሚያ ጋ ነው፣ አንዴ ታች ቤት ያድራል፤
ካርዴ እንቢ ቢልም ይሄ ክፍያ ይሠራል፦
ማታ ማታ፣ በጣሳው፣
አሥር ግሮሽ፣
ቋ።